የአለርጂን ኤክስትራክት አቀማመጥ

የአለርጂን ኤክስትራክት ከአበባ ብናኝ፣ ከሻጋታ፣ ከበረሮ ወይም ከእንስሳት የቆዳ ቅርፍት ተነክሮ የሚወጣ፣ ለቆዳ ምርመራና ሰውነትን ለማላመድ ለሚሰጥ መርፌ የሚያገለግል ፈሳሽ ነው። ሐኪሙ ሌናርድ ኑን በሣር ብናኝ ፈሳሽ ያደረገውን ሕክምና ለንደን ላይ ያሳተመው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው።

የኤክስትራክቱ ኃይል ያለው በፕሮቲኑ ስለሆነ ሙቀት ያበላሸዋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ በረዶ መሥራት ግን የለበትም። ቅዝቃዜ ብቻውንም አይበቃም። ሻጋታና በረሮ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ስላሏቸው፣ ከሣር ብናኝ ጋር በአንድ ብልቃጥ ከተቀላቀሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆነውም ይበሉታል፤ ለየብቻ ማስቀመጡ ይመረጣል። 50 በመቶ ግሊሰሪን ኢንዛይሞቹን ስለሚገታ ከታወቁት መጠበቂያዎች ሁሉ ይሻላል፤ መርፌው ማቃጠሉ ነው ችግሩ። ባክቴሪያ እንዳያድግ የሚጨመረው ፌኖል በበኩሉ ፕሮቲኑን ቀስ በቀስ ይጎዳል።

ቶሎ የሚደክመው በጣም የቀጠነው ፈሳሽ ነው፤ ያለው ጥቂት ፕሮቲን በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከሰው ደም የተገኘ አልቡሚን ሲጨመር ግን ግድግዳውን ቀድሞ ይይዝለታል። ታካሚው ከቆየ ብልቃጥ ወደ አዲስ ሲሸጋገር መጠኑ የሚቀነሰውም አዲሱ ስለሚበረታና ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ነው።