ከናበጋ እስከ ደብረ ታቦር፦ የተክሌ አቋቋም እና የፎገራ ምድር

ውጭ አገር የሚሠሩ የሙያ ጓደኞቼ ስለ ኦፔራ ቤት ሲያጫውቱኝ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኦርኬስትራው ሌላ፣ መዘምራኑ ሌላ፣ ተወዛዋዡም ሌላ ነው። ሦስቱ በየፊናቸው ይሠለጥኑና መድረክ ላይ ይገናኛሉ። ሐሙሲት ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። በእኛ አካባቢ ማኅሌት የሚቆም ደብተራ ሦስቱንም ሆኖ ነው ሌሊቱን የሚያነጋው።

የአገራችን የኦርኬስትራ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከአርባ ልጆች ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ቀጥሎ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ግብጻዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና የሚጫወቱ ሰዎችን ከየአካባቢው አሰባስቦ በአንድነት አስጫወታቸው። ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ጎንደር ስንማር ሌሊት ከመኝታችን ሆነን ከበሮውን የምንሰማው የማኅሌት ጉባኤ ከእነዚህ ሁሉ በፊት ነበረ።

ደቡብ ጎንደርን በዚህ ዓይን ለሚያያት ሰው እንደ አንድ ትልቅ የሙዚቃ ኮሌጅ ናት። የድጓ ምስክሩ ጋይንት ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ነው። አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር በኣታ ይሄዳል፤ የተክሌን የፈለገ ደግሞ ደብረ ታቦር ይወጣል።

አሠራሩን ላልተከታተላችሁ በአጭሩ ላስረዳ። መዘምራኑ ግራና ቀኝ ሆነው ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ አላቸው፤ መሪ ጌታው ይመራል። መሣሪያቸው መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ነው። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል። በመረግድ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፤ በጽፋት ይፈጥናል፤ እጅም ይጨበጨባል። ያው አንድ ቃል በየደረጃው እየሞቀ ይሄዳል። መሪ ጌታው በትር ይዞ ፊታቸው አይቆምም፤ ከመካከላቸው ሆኖ አብሯቸው ይዘምራል።

አለቃ ገብረ ሐና ደስታን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በቀልዳቸው ነው። ቀልዱ ዝናቸውን ስለወሰደው ዋናው ሥራቸው ተረስቷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አለቃ በ1814 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ፎገራ፣ በጣና ዳር ባለችው ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ከጎንደር ርቀው በጣናዋ ደሴት በሬማ ሳሉ ማዕበሉ ሲመላለስና ደንገሉ በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲል አይተው መቋሚያው ወደ ጎን የሚወዛወዝበትን አዲስ ዝማሜ እንዳወጡ ሊቃውንቱ ይተርካሉ። ልጃቸው ተክሌ ከአባቱ ተምሮ አስፋፋው፤ ስሙም የተክሌ አቋቋም ተባለ። ደብረ ታቦርም መናኸሪያው ሆነች። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ሐሙሲትን አልፋችሁ ወረታ ከመድረሳችሁ በፊት በግራ በኩል ወደ ጣና የተዘረጋውን ሜዳ ልብ በሉት። ዛሬ ሩዙ ነው ስሙን ያስጠራው፤ ያ ዝማሜ ግን የዚሁ ሜዳና የዚሁ ውኃ ልጅ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዜማው ተጽፏል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት ምልክት እስከ ዛሬ ከድጓው ቃል በላይ ተጽፎ ይታያል። ነገር ግን ከበሮው ስንት ጊዜ ጠብቆ እንደሚመታ፣ መቋሚያው የት እንደሚነሣ፣ ወገብ የት እንደሚዞር ከመምህሩ አካል ወደ ተማሪው አካል ነው የሚተላለፈው። ሕክምናም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉን ሁሉ አንብበን የታማሚ ሆድ መዳሰስን ግን ከአስተማሪዎቻችን እጅ ነው የተማርነው። የኦፔራ ቤት ቢቃጠል ኖታው ይተርፋል፤ ሕንፃውም እንደገና ይሠራል። አንድ የአቋቋም መምህር ሳያስመሰክር ቢሞት ግን የሚተካው ወረቀት የለም።

ስለዚህ ጉዳዩ የጤናም ጉዳይ ነው። በዚህ ሜዳ የሠራን ሐኪሞች የቆሎ ተማሪን እናውቀዋለን። ወባ ይዞት ይመጣል። ጎጆው ጠባብ፣ ልብሱ አንድ ስለሆነ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ይይዘዋል። በጊዜ ከመጣ በርካሽ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ችግሩ ብዙዎቹ ዘግይተው መምጣታቸው ነው። ዓለም በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ጥምቀት በቅርስነት ሲመዘግብ ሁላችንም ደስ አለን። በዚያ በዓል ታቦቱን አጅቦ የሚዘምረው ሰው ግን ልጅነቱን ያሳለፈው በዚያች ጎጆ ነው።

በዚህ የመገናኛ በዓላችን ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያስብበት እለምናለሁ። አንደኛው፣ ተማሪዎቻችን ለተግባር ልምምድ ወደ ጤና ጣቢያዎች ሲወጡ በአቅራቢያው ያሉትን የአብነት ትምህርት ቤቶች በጉብኝታቸው እንዲያካትቱ ነው። ሁለተኛው፣ ዩኒቨርሲቲው ካሜራም ድምፅ መቅረጫም አለውና አንጋፋዎቹን የአቋቋም መምህራን ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ ከእግር እስከ እጃቸው እንቅስቃሴያቸው በሚታይበት መንገድ ቢቀርጽ ነው። ቀረጻው መምህሩን አይተካም፤ ለሚቀጥለው መምህር ግን ስንቅ ይሆናል። አለቃ ገብረ ሐናም ቢሰሙ አንድ ቀልድ ጣል አድርገው ይመርቁን ነበር ብዬ አስባለሁ።