የዳግማዊ ምኒልክ ደብዳቤዎች አጻጻፍና የውጫሌ ውል

በዳግማዊ ምኒልክ ደብዳቤዎች ላይ ማኅተሙ የሚገኘው በራስጌ እንጂ በግርጌ አይደለም፤ የፊርማንም ቦታ ይተካ ነበር። ከዚያ ማዕረጉ፣ «ይድረስ» የሚለው አድራሻ፣ ሰላምታውና ጉዳዩ ይከተላሉ፤ ቀኑና ቦታው በመጨረሻ ይሰፍራሉ። ስለዚህ አንባቢው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው የባለ ቃሉን ሥልጣን ነው።

ነገር ግን ማኅተም ሥልጣንን ቢያስረዳም የቃልን ትርጉም አይጠብቅም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መጻጻፍ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ኢጣልያም በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለች፤ ክርክሩም በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በጦር ተፈጸመ።

እንግዲህ የሁለቱን ቋንቋ ቃል ከማኅተም በፊት ማመሳከር የመንግሥት ጸሐፊ ዋና ሥራ ነው።