የሌሊት ተኩስ፤ ስለ ማነጣጠሪያና ስለ ብርሃን አጭር የታሪክ ጥናት

ጠመንጃና ሽጉጥ የሚፈተኑት ብዙውን ጊዜ በቀን ብርሃን በተኩስ መለማመጃ ሜዳ ላይ ነው። ሰው ራሱን ወይም ቤቱን ለመከላከል የሚገደደው ግን አዘውትሮ በጨለማ ነው። ከዚህ ልዩነት የተነሣ ወታደሮችና ፖሊሶች ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ጥያቄ ሲያነሡ ኖረዋል። ይኸውም በሌሊት ለሚተኩስ ሰው ይበልጥ የሚያስፈልገው የሚያበራ ማነጣጠሪያ ነውን ወይስ ፊት ለፊቱ የቆመውን የሚያሳይ ብርሃን? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ለጥያቄው የተሰጡት መልሶች እንዴት እንደ ተለዋወጡና ከእያንዳንዱ ምን ትምህርት እንደሚገኝ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ዓይን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከብርሃን ወደ ጨለማ የገባ ዓይን ጨለማውን በሚገባ እስኪለምድ ድረስ 30 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህንንም ልምድ አንድ ብልጭታ ሊያጠፋው ይችላል። ከዚህም በላይ ደካማ ብርሃንን የሚቀበሉት የዓይን ሕዋሳት ትክ ብለን የምናየው ነገር ምስል በሚያርፍበት በዓይን ውስጠኛ ሥፍራ አይገኙም። ስለዚህ በጨለማ አንድን ነገር ትክ ብለን ስናየው ይሰወርብናል፤ ጥቂት ወደ ጎን ስናይ ግን ይገለጥልናል። ማነጣጠር ደግሞ ትክ ብሎ ማየትን የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ፣ በሌሊት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ማነጣጠሪያው ነው።

የመጀመሪያው መልስ ምድሩን ማብራት ነበር። አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኰንን ኤድዋርድ ቬሪ በ1877 የብርሃን ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ አወጣ። በ1904 በፖርት አርተር የተከበቡት ሩሲያውያን የጃፓንን የሌሊት ጥቃት በፓውዛና በብርሃን ሮኬት ተከላክለዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር በሁለቱ ምሽጎች መካከል ያለውን መሬት በዚሁ ዘዴ ይጠብቅ ነበር፤ ወደ ፊት የወጣው ወታደርም ብርሃኑ ሲፈነዳ በቆመበት እንዲደርቅ ይማር ነበር፤ የሚያጋልጠው እንቅስቃሴው ነውና። ነገር ግን ብርሃን ለማንም አያዳላም። ያበራውም ሰው ራሱ ሊታይ ይችላል፤ ብርሃኑ ሲጠፋም ዓይኑ ከቀድሞው ይልቅ ይታወራል።

ሁለተኛው መልስ ማነጣጠሪያውን ማብራት ሆነ። ራዲየም በ1898 ከተገኘ በኋላ ከዚንክ ሰልፋይድ ጋር ተቀላቅሎ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጠመንጃ ማነጣጠሪያዎች ላይ ተቀባ። ራዲየም ኃይሉ በግማሽ እስኪቀንስ 1600 ዓመት ያህል ይፈጃል፤ የሚያበራው ዚንክ ሰልፋይድ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል። ቅቡም አደገኛ ነበር። በአሜሪካ የሰዓት ፊት በራዲየም ይቀቡ የነበሩ ሴቶች ብሩሹን በከንፈራቸው ያሾሉ ስለ ነበር፣ በ1920ዎቹ ብዙዎቹ ታመው ሞተዋል። በኋላ በራዲየም ፈንታ የገባው ትሪቲየም ከዚያ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በየ12 ዓመቱ ገደማ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ጉድለት ግን ሌላ ነው። የሚያበራ ነጥብ አፈሙዙ ወዴት እንደ ዞረ ይናገራል እንጂ ከአፈሙዙ ፊት ማን እንደ ቆመ አይናገርም።

ሦስተኛው መልስ የመጣው ከሻንጋይ ከተማ ፖሊስ ነው። ፌርቤርንና ሳይክስ የተባሉት ሁለት እንግሊዛውያን በ1942 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ፖሊሱ በ12 ዓመት ተኩል ውስጥ ከታጠቁ ወንጀለኞች ጋር 666 ጊዜ መጋጨቱን ገልጸዋል። ከዚህ ልምድ የደረሱበት መደምደሚያ፣ የሽጉጥ ውጊያ በጥቂት እርምጃ ርቀት፣ በችኰላና በደካማ ብርሃን ስለሚደረግ በማነጣጠሪያ ለመጠቀም ጊዜ አይገኝም የሚል ነው። ስለዚህ ፖሊሶቹን ማነጣጠሪያ ሳይመለከቱ እንዲተኩሱ አሠለጠኗቸው። የአሜሪካ ፖሊሶች በበኩላቸው የእጅ ባትሪን ከሰውነት አርቆ መያዝን ተማሩ፤ ጠላት ወደ ብርሃኑ ቢተኩስ ያዡን እንዲስተው ነው።

አራተኛው መልስ በማይታይ ብርሃን መጠቀም ነው። አሜሪካኖች በ1945 በኦኪናዋ ላይ የኢንፍራሬድ መነጽር የተገጠመለት ካርባይን አሰለፉ። ባትሪው በጀርባ የሚታዘል ነበር፤ የሚያሳየውም ርቀት ከመቶ ሜትር አይበልጥም ነበር። በኮርያ ጦርነት ደግሞ የፓውዛን ጨረር ወደ ደመና እየላኩ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ያበሩ ነበር። የእኛም የቃኘው ሻለቃ ጦር ከ1951 ጀምሮ በዚያ ጦርነት ተካፍሏል፤ አሜሪካዊው ጸሐፊ ማርሻልም ስለ ሌሊት ቅኝቱ በ1956 በታተመው መጽሐፉ ጽፏል። በ1960ዎቹ በቬትናም የገቡት መነጽሮች ደግሞ የራሳቸውን ጨረር መላክ ሳያስፈልጋቸው የከዋክብትን ብርሃን አጉልተው ያሳዩ ነበር።

እንግዲህ ከእነዚህ መልሶች የትኛው ይመረጥ? በእኔ አስተያየት ብዙዎች የሚሳሳቱት የወታደሩን መልስ እንዳለ ወደ መኖሪያ ቤት በማምጣታቸው ነው። በምሽግ ያለ ወታደር ወገኖቹ ወደ ፊት አለመውጣታቸው ከተነገረው፣ ከፊቱ የሚንቀሳቀሰውን ጠላት ነው ብሎ ለመገመት ምክንያት አለው። በቤቱ ጨለማ ውስጥ የቆመ ሰው ግን ይህን ለማለት አይችልም። የሚሰማው ኮቴ የሌባ ሊሆን ይችላል፤ የልጁ ወይም የጎረቤቱም ሊሆን ይችላል። ብርሃን ያጋልጣል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ነገር ግን ራስን ማጋለጥ አደጋ ሲሆን፣ ሳያውቁ ወገንን መግደል ጥፋት ነው።

ስለዚህ የምርጫው ተራ እንዲህ ሊሆን ይገባዋል። አስቀድሞ ለአፍታ በርቶ የሚጠፋ ብርቱ የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል። በመሣሪያው ላይ የተገጠመ ባትሪ ለተኳሹ ሁለት እጁን ያተርፍለታል፤ ሆኖም ለመፈለጊያ ብቻውን አይበቃም፤ የሚበራበትን ሁሉ አፈሙዙም ያነጣጥርበታልና። የሚያበራ ማነጣጠሪያ በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል። በብርቱ ብርሃን ፊት ተራው ጥቁር ማነጣጠሪያ ራሱ ጎልቶ ይታያል፤ በድቅድቅ ጨለማ ደግሞ ነጥቡ ቢያበራም ሰውየው አይታይም። ጥቅሙ የሚጎላው ሰውን መለየት በሚቻልበት፣ ማነጣጠሪያን ግን ማየት በማይቻልበት በድንግዝግዝ ሰዓት ነው።

የቀድሞ ዘብ በሌሊት ኮቴ ሲሰማ ከመተኰሱ በፊት «ማነህ?» ብሎ ይጣራ ነበር። ከላይ የተመለከትናቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሊረዱ ይችላሉ፤ ሊተኩት ግን አይችሉም። ቃታ ከተሳበ በኋላ ጥያቄው ጊዜው ያልፍበታል።