ማረሻ የሚያወጣው ባልጩት፦ የጥንት ሰው መሣሪያ በምን ይለያል? ስናገኘውስ ምን እናድርግ?

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ማዳበሪያም ስለ ምርጥ ዘርም አይደለም። ስለ ድንጋይ ነው። ሰው በእጁ ጠርቦ ስለሠራው፣ ከሌላው ድንጋይ ጋር ተደባልቆ ማሳችሁ ላይ ስለሚገኘው ድንጋይ። ሰብሉ ገብቶ የተፋሰስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብታነቡት ይጠቅማችኋል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

የሐይቅና የአምባሰል ታሪክ ሲነሳ ከየት ነው የምንጀምረው? አብዛኛው ሰው ሐይቅ እስጢፋኖስን ይጠራል፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያቋቋሙትን ገዳም። ወደ አምባሰል የሄደ ደግሞ ውጫሌን ያነሳል፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል። ሁለቱም ትልቅ ታሪክ ነው፣ ሁለቱም ግን በጽሑፍ የቆየ ታሪክ ነው። ብራናው ከመጻፉ በፊት እዚህ አገር ሰው አልነበረም? ነበረ እንጂ! መጻፍ ስላልቻለ ድምፁ አልደረሰንም እንጂ ዕቃው ደርሶናል።

እስቲ ከሐይቁ ልጀምር። ሐይቁ በየክረምቱ ከዙሪያው ታጥቦ የሚገባውን አፈር፣ ነፋስ ያመጣውን የአበባ ብናኝ፣ ከእሳት የተረፈውን የከሰል ቅንጣት ከሥሩ እየደራረበ ያስቀምጣል። ተመራማሪዎች ከሐይቅና ከአርዲቦ ወለል ጭቃውን በቱቦ እያወጡ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። ያነበቡት የ3000 ዓመት ያህል ታሪክ ነው። ጥንት አገሩ የዝግባና የጥድ ደን ነበር። ከዛሬ 2500 ዓመት ገደማ ደኑ ተመነጠረና በቦታው ክትክታና ሣር ገባ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ጥድና ወይራ ተመልሶ በቅሎ ነበር፤ እሱም ኋላ ላይ እንደገና ተመነጠረ። ክትክታ የበዛበት ዳገት ብዙ ጊዜ የተጨፈጨፈ ደን ምልክት መሆኑን በሥራችንም የምናየው ነገር ነው፤ ጭቃውም ያንኑ ይላል።

በዚያው ዘመን አካባቢ ከጣና በስተምሥራቅ ባሉ ሁለት ዋሻዎች ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ገብስና ሽምብራ ያውቁ ነበር፣ ከብትም ነበራቸው። ይህ የታወቀው ዋሻዎቹ ተቆፍረው እ.ኤ.አ. በ1970 ዘገባው ሲታተም ነው። (አንዱ ዋሻ ላሊበላ ይባላል፤ ከላስታው ላሊበላ ጋር እንዳታምታቱት።) እህሉና አጥንቱ የተገኘው ከሸክላ ስባሪና ከድንጋይ መሣሪያ ጋር ነው። ስለዚህ የድንጋይ መሣሪያ የአዳኝ ብቻ አይደለም። ገብስ የሚያበቅል ሰውም ይዞት ኖሯል።

አሁን ጥያቄውን ወደ እኛ እናምጣው። የሐይቁ ጭቃ ደኑ መመንጠሩን ይነግረናል፤ የመነጠረውን ሰው ግን አያሳየንም። የት ሰፈረ? በምን ቆረጠ? ቆዳውን በምን ፋቀ? ይህ የሚገኘው ከውኃው ሥር ሳይሆን ከደረቁ መሬት፣ ከማሳው፣ ከቦረቦሩ አፋፍ ነው። እዚያ ላይ በየቀኑ የሚመላለሰው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አይደለም። እናንተ ናችሁ።

ዕድሜው እስከምን ይሄዳል ለሚል፣ ከተሁለደሬ ተራሮች የሚነሳው ሚሌ ወንዝ ወደ አፋር ወርዶ አዋሽን እንደሚቀላቀል ታውቃላችሁ። እዚያው አዋሽ ቆላ ውስጥ ጎና ከሚባል ቦታ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ስለሺ ሰማው የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው ለዓለም ያሳወቁት። ኋላ ኬንያ ውስጥ ከዚህም የሚበልጥ፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ተገኝቷል። ማሳችሁ ላይ የምታገኙት ይህን ያህል ያረጀ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ትናንት የተሠራም ሊሆን ይችላል፦ አያቶቻችን ራስ የሚላጩት በባልጩት ነበር፣ በኮንሶ ደግሞ ቆዳ በድንጋይ መፋቂያ የሚፍቁ እናቶች እስከ ዘመናችን ድረስ ነበሩ። ኦሪት ዘጸአትን የሚያነብም ሲፓራ ልጇን በምን እንደገረዘች ያውቃል።

ባልጩት ስንል መጀመሪያ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ጥቁሩ፣ መስታወት የሚመስለው ድንጋይ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ መልካ ቁንጥሬ አጠገብ፣ ስሟን ከዚሁ ድንጋይ የወሰደች ባልጭት የምትባል ቦታ አለች። ሁለቱ ቦታዎች አንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መልካ ቁንጥሬን እ.ኤ.አ. በ1963 መጀመሪያ ያየው ሰው ሥራው ቅርስ ፍለጋ አልነበረም፤ የውኃ ባለሙያ ነበር። መሬት ላይ ያለውን ነገር ቆም ብሎ አየ፣ ለሚመለከተው ተናገረ፣ በቃ። መሣሪያው ግን ሁልጊዜ ጥቁር አይደለም። ቀይ፣ የማር ቀለም፣ አመድማ፣ ነጭ ሆኖ ውስጡ የለሰለሰ ድንጋይም ይጠረባል። ትልልቁ ከተራው ጥቁር ድንጋይም ይሠራ ነበር።

ታዲያ በምን ይለያል? ወፍራም የጠርሙስ ስባሪ አንሥታችሁ ታውቁ ይሆናል። ስብራቱ ላይ፣ ሐይቅ ውስጥ ጠጠር ሲጣል እንደሚዘረጋው ቀለበት፣ ክብ ክብ ሞገድ አለ። ሰው ድንጋይን በድንጋይ መትቶ የነቀለው ቅርፊትም እንደዚያው ነው። አንደኛው ጫፉ ላይ የተመታበት ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ ይኖረዋል፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ በውስጠኛው ገጽ በኩል በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ እብጠት አለ፤ ሞገዱ ከእብጠቱ ጀምሮ ይዘረጋል። አዙራችሁ ጀርባውን ስታዩ ደግሞ ቀደም ሲል ሌሎች ቅርፊቶች የተነሱበት ጠባሳ፣ በጠባሳዎቹ መካከልም ቀጥ ያለ ሸንተረር ታያላችሁ። ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ሽርፍራፊ በተርታ ከተደረደረ ሰው ስለቱን አስተካክሎታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማረሻም ድንጋይ ይሸርፋል፣ የበሬ ሰኮናም፣ የዶዘር ሰንሰለትም። እሳት የነካው ድንጋይም ይፈነዳል። የእነዚህ ሽርፍ ግን እንደነገሩ የተበተነ ነው፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ፣ ተርታ የለውም። ቀለሙንም እዩ፦ የቆየ ስብራት ከቀረው የድንጋዩ ገጽ ጋር አንድ ዓይነት ደብዝዞ ታገኙታላችሁ፤ ዘንድሮ ማረሻ የሸረፈው ግን ያበራል። አንድ ምልክት ብቻ አይታችሁ አትደምድሙ። እብጠቱም፣ ጠባሳውም፣ ጠፍጣፋው ጫፍም ሲገጥሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ቦታ ብዙ ቅርፊት ተሰብስቦ ስታዩ ነገሩ የሰው ሥራ ነው። ጠራቢው የሚፈልገውን አንድ ዕቃ ይዞ ሲሄድ ፍቅፋቂውን እዚያው ነው የሚተወው፤ አናጢ የሠራበት ቦታ ላይ ፍልጥና ፍቅፋቂ እንደሚቀረው።

ቅርጹ ብዙ ዓይነት ነው። መዳፍ የሚሞላ፣ በሁለት ወገን የተጠረበ፣ ከላይ ሾጠጥ ከታች ሰፋ ያለ ድንጋይ ካያችሁ የእጅ መጥረቢያ ነው፤ በጣም ጥንታዊው ወገን ይህ ነው። ሦስት ማዕዘን የሆነ ጫፋም ድንጋይ አለ፤ የጦር ወይም የቀስት ጫፍ ሊሆን ይችላል። እንደ ምላጭ ቀጠን ረዘም ያለ አለ። የጥፍር ያህል ሆኖ ግማሽ ጨረቃ የመሰለም አለ፤ ይሄኛው እንጨት ላይ እየተጣበቀ ይሠራበት ነበር፣ በትንሽነቱ ምክንያት ግን ማንም ልብ አይለውም። ቅርፊት የተነቀለበትን እናቱን ድንጋይም አትለፉት። ወፍጮና መጅን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የተበላውን ከቤት እመቤቶች በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ድንጋዩ ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም፤ የሚናገርለት የተኛበት አፈር ነው። በዚሁ በክልላችን፣ መተማ አካባቢ ሽንፋ ወንዝ ዳር የተደረገውን ላንሳ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ተመራማሪዎቹ ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎችና ሰዎቹ የበሉት የዓሣና የእንስሳ አጥንት አገኙ። በዚያው የአፈር ንብርብር ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ የእሳተ ገሞራ ብናኝ ነበር፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የሚባለው ተራራ ከዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ ሲፈነዳ በነፋስ የመጣ። ብናኙ ዕድሜውን ሰጣቸው። ድንጋዮቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ፤ በረጅሙ በጋ ወንዙ እየደረቀ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ሲቀር ሰዎቹ ከኩሬው ዓሣ እያወጡ መኖራቸውንም አወቁ። አስቡት፤ ከዚያ በፊት አንድ ሰው ድንጋዮቹን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ቤቱ መስኮት ላይ ደርድሯቸው ቢሆን ኖሮ? ቆንጆ ድንጋይ ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ለዚህ ነው የተፋሰሱን ሥራ ያነሳሁት። ድንጋይ እርከን ስንሠራ ከማሳው ያገኘነውን ሁሉ ለቅመን እንክበዋለን፤ መልካም ሥራ ነው፣ አፈሩም ያለዚያ አይተርፍም። ነገር ግን ካብ ውስጥ የገባ የእጅ መጥረቢያ ከየት እንደመጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቦረቦር ሲቆረጥ፣ የመስኖ ቦይ ሲወጣ፣ ጉድጓድ ሲቆፈርም እንዲሁ ነው። ሥራው ይቅር አልልም። ከልማት ቡድናችሁ አንድ ወጣት ስልክ ይዞ ቀድሞ ማሳውን ይዙር፣ የተሰበሰበ ባልጩት ካየ ምልክት ያድርግ፣ ቡድኑም ያቺን ቁራሽ ቦታ ሳይለቅም ይለፋት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ስልኩን እንዲህ ተጠቀሙበት። የካሜራውን ሎኬሽን አብሩ። ድንጋዩን ሳታነሱት እንደተኛ አንሡት፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ አንድ ብር ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አድርጉ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ዛፉ፣ ተራራው ወይም ቤቱ አብሮ እንዲታይ ሌላ ፎቶ አንሡ። ሁለቱን ገጾችና ጠርዙን በየተራ አንሥታችሁ ድንጋዩን ወደ ቦታው መልሱት። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ፣ ጠባሳው ጎልቶ ይታያል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ይጠፋል። ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ ጎጡን፣ ማሳው ታርሶ እንደሆነና ድንጋዩ ከላይ የተገኘ ወይም ስንት ክንድ ተቆፍሮ የወጣ መሆኑን እዚያው ስልኩ ላይ ጻፉ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ጥራቱም ይወርዳል፣ ቦታውን የሚያሳየው መረጃም ይጠፋል። ፌስቡክ ላይ ቦታውን ጠቅሳችሁ አትለጥፉ፤ ቆፋሪ ትጋብዛላችሁ። ደላንታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል ከወጣ ወዲህ ድንጋይ በተነሳ ቁጥር ብር የሚታየው ሰው በዝቷል። የተጠረበ ባልጩት ግን ኦፓል አይደለም።

የሚነገረው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቀው ያዛል፤ ላስረከበም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪ ካለም እንዲተካለት ይላል። ያለፈቃድ መቆፈር የተከለከለ ነው፣ ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥም እንዲሁ። «ካሳወቅሁ መሬቴን ይከልሉብኛል» የሚል ሥጋት እንዳለ አውቃለሁ። በአዋጁ መሠረት ቦታ ለቅርስ የሚከለለው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወስኖ በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ነው እንጂ አንድ ባለሙያ ፎቶ ስላየ አይደለም። አጥንት ከድንጋዩ ጋር ከወጣ ግን በዚያች ቦታ ሥራውን አቁማችሁ፣ በአፈር መልሳችሁ ሸፍናችሁ፣ በዚያው ቀን ደውሉ።

ቀድሞ ቤት የገባ ድንጋይ ያላችሁም ትኖራላችሁ። በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉት፣ ዘይት አትቀቡት፤ ስለቱ ላይ የጥንቱ ሥራ ምልክት ሊኖር ይችላል። በወረቀት ጠቅልላችሁ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ጻፉበት። ካላስታወሳችሁ «ቦታው አይታወቅም» ብላችሁ ጻፉ፤ በግምት ቦታ አትስጡት።