ውጅግራ እንዴት ርካሽ ሆነ?

መተማ ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው መጋቢት 1881 ዓ.ም.ን፣ የአፄ ዮሐንስ 4ኛን መሞት ነው። እኛ ግን እስኪ ዛሬ ስለ ጠመንጃዎቹ እንጠይቅ። ያን ቀን በሁለቱም ወገን እጅ ሬሚንግተን ነበር፣ የተማረከውም ከአንድ ጦር፣ ከግብፅ! የኛዎቹ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ፣ ደርቡሾቹ ደግሞ በ1876 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ሸይካን ላይ።

ምርኮ ሁሌ አይገኝም። ብዙ ሠራዊት ለማስታጠቅ የሚገዛ ርካሽ ጠመንጃ ያስፈልጋል፤ እሱም ውጅግራ ሆነ። ስሙ የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» በኛ አፍ ሲለዝብ የመጣ ነው፤ ግራ የነደፈው መኮንን ስም ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ከባዶ አልተነሱም። ሻስፖ የሚባል፣ ባሩዱ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነበራቸው። ማቀባበያውን ለወጡ፣ ጥይት የሚገባበትን የአፈሙዝ ጫፍ ለናስ ቀለህ አስተካከሉ፤ አበቃ። ከነሰደፉ የቆየው አሮጌ መሣሪያ አዲስ ሆነ። (ጎበዝ ቆጣቢዎች!) አዲሶቹም ክፍሎቻቸው በማሽን፣ በአንድ ልክ ተመረቱ።

እ.ኤ.አ. በ1886 ሌቤል የተባለው ባለብዙ ጥይት ጠመንጃ ሲመጣ ውጅግራ ለፈረንሳይ ትርፍ ሆነ። ለነጋዴዎች ግን ሲሳይ ነበር፤ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ሸዋ ጎረፈ። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በብዙ ተዋጊ ትከሻ ላይ ነበር። በአንዴ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ነው፤ ጭሱ ደግሞ ተኳሹን ያጋልጣል። ደግነቱ፣ ከጣልያኖቹም ብዙዎቹ የያዙት ቬተርሊ የሚባል አሮጌ ጠመንጃ ነበር።