ተርብ ያጣ በለስ

በለስ ስል ቁልቋሉን አይደለም፤ አዳምና ሔዋን ቅጠሉን የሰፉትን ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የካሊፎርኒያ ገበሬዎች ከሰምርኔስ፣ ከዛሬዋ ኢዝሚር፣ የበለስ ችግኝ አስመጥተው ተከሉ። ዛፉ አማረ፤ ፍሬው ግን ሳይበስል ረገፈ። «የአገሩ ገበሬኮ የዱር በለስ ፍሬ ከዛፉ ላይ ይሰቅላል» ሲባሉ ብዙዎቹ ተረት ነው ብለው ሳቁ። ለካስ ከዱሩ ፍሬ የምትወጣ፣ ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ናት የወንዴውን ብናኝ የምታደርሰው! በ1899 ተርቧ መጥታ ስትለመድ ዛፉ አፈራ። እኔን የሚከነክነኝ ሳቁ ነው። በገበሬ ዕውቀት መሳቅ እኛም አናንስም። ለጓሮዎ በለስ ካማረዎት፣ እንደ «ብራውን ተርኪ» ያለ ተርብ የሚያፈራውን ይትከሉ። የሰምርኔሱን ከወደዱ ግን አስቀድመው ገበሬውን ይጠይቁ።