የአንድ ሺህ ሰዓት አምፑል

«ዕቃስ የዱሮ ዕቃ ነበር፤ የዛሬው እንዲበላሽ ተብሎ የተሠራ ነው» የሚለው አነጋገር በአዲስ አበባም ሆነ በሌላው ዓለም ከተሞች ከሸማቹ አንደበት የማይጠፋ ሆኗል። ሬዲዮው ድምፁ ሲታፈን፣ የልብስ መተኮሻው ሲቃጠል፣ የእጅ ስልኩ ባትሪ ሲደክም፣ ባለቤቱ በቅድሚያ የሚጠረጥረው የራሱን አያያዝ ወይም የዕቃውን እርጅና ሳይሆን የሠራውን ኩባንያ ነው። መሐንዲሱ በበኩሉ ይህን ሐሜት ሲሰማ ፈገግ ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። ስለ ብረት ድካም፣ ስለ ሙቀትና ስለ ማምረቻ ወጪ ያለው ዕውቀት ጉዳዩ ከተንኮል ይልቅ ከተፈጥሮ ሕግ የመነጨ እንደሆነ ይነግረዋልና። ይሁን እንጂ የሕዝብ ሐሜት ሁሉ መሠረተ ቢስ አይደለም። ሸማቹ የሚጠረጥረው ዓይነት ስምምነት ተጽፎ፣ ተፈርሞና በመቀጫ ተደግፎ በእርግጥ የተሠራበት ጊዜ ነበር። ዕቃውም ከዕቃዎች ሁሉ ተራ የሆነው የኤሌክትሪክ አምፑል ነው። የዚህን አምፑል ታሪክ መመርመር ሸማቹ በምኑ ላይ እውነት እንደ ነበረው፣ ባለሙያውም በምኑ ላይ ተጠያቂ እንደሚሆን ለመለየት ይረዳል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶማስ ኤዲሰን በ1879 ለአገልግሎት የሚበቃውን የከሰል ክር አምፑል ከሠራ በኋላ፣ የብዙ አገር ተመራማሪዎች ትኩረት የተሻለ ክር ወደ ማግኘት አዘነበለ። በ1904 ሻንዶር ዩስትና ፍራንዮ ሐናማን በሃንጋሪ የተንግስተን ክር የፈጠራ መብት አገኙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ዊልያም ኩሊጅ ተሰባሪውን ተንግስተን ወደ ቀጭን ሽቦ የሚሳብበትን ዘዴ አስገኘ፤ በ1913 ደግሞ ኧርቪንግ ላንግሙር አምፑሉን በጋዝ መሙላት የክሩን ትነት እንደሚቀንስ በተግባር አሳየ። ከዚህም የተነሣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከ1500 እስከ 2000 ሰዓት የሚያገለግሉ አምፑሎች በገበያ ላይ ይገኙ ነበር።

ነገር ግን የቴክኒክ ዕድገት ለአምራቾቹ የተረጋጋ ትርፍ አላስገኘላቸውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሽያጩ መጠን ከዓመት ወደ ዓመት ይዋዥቅ ጀመር፤ አንዱ በሌላው ገበያ እየገባ ዋጋ መስበር የተለመደ ሆነ። ስለሆነም በታኅሣሥ ወር 1924 የታላላቆቹ ኩባንያዎች ተወካዮች በጄኔቫ ተሰብስበው ፌቡስ የተባለውን ካርቴል መሠረቱ። ከአባሎቹም መካከል የጀርመኑ ኦስራም፣ የሆላንዱ ፊሊፕስ፣ የፈረንሳዩ የአምፑል ኩባንያ፣ የሃንጋሪው ቱንግስራምና የጃፓኑ ቶኪዮ ኤሌክትሪክ ይገኙ ነበር፤ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክም በውጭ አገር ባሉት ተባባሪ ኩባንያዎቹ አማካይነት በስምምነቱ ውስጥ እጁን አስገባ። ካርቴሉ የዓለምን ገበያ ከፋፈለ፣ ለየአባሉ የሽያጭ ድርሻ መደበ፣ የፈጠራ መብቶችንም በአባላቱ መካከል አዘዋወረ። ከሁሉ ይበልጥ በታሪክ ስሙን ያስጠራው ግን የተራው አምፑል ዕድሜ 1000 ሰዓት እንዲሆን መወሰኑ ነው።

ይህ ውሳኔ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። እያንዳንዱ ፋብሪካ የምርቱን ናሙና ወደ ስዊዘርላንድ ቤተ ሙከራ ይልክ ነበር። ናሙናው ከተወሰነው ሰዓት ርቆ ሲገኝ አምራቹ በስዊስ ፍራንክ የተተመነ መቀጫ ይከፍላል። መቀጫው ዕድሜው ባጠረ አምፑል ላይ ብቻ ሳይሆን ከልክ በላይ በቆየውም ላይ ይጣል ነበር። በመሆኑም የፋብሪካ መሐንዲሶች፣ ሙያቸው ጽኑ ዕቃ መሥራት ሆኖ ሳለ፣ የአምፑሉን ዕድሜ በትክክል ወደ ታች ለማውረድ ይጥሩ ጀመር። አንዳንድ አባላት ደግሞ አምፑሉን ከመስመሩ ቮልቴጅ ትንሽ ከፍ ላለ ቮልቴጅ እየሠሩ ዕድሜውን በስውር ለማራዘም ሞክረው፣ ይህ ተደርሶበት በካርቴሉ ውስጥ ቅሬታ አስነሥቷል። ከካርቴሉ ሰነዶች እንደሚታየው በ1926 በአማካይ 1800 ሰዓት የነበረው የአምፑል ዕድሜ በ1933 እና በ1934 መካከል በነበረው የሒሳብ ዓመት ወደ 1205 ሰዓት ወርዷል።

ተቃውሞ ሳይነሣ አልቀረም። በስዊድን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት «ሉማ» የተባለ የራሳቸውን የአምፑል ፋብሪካ አቋቁመው በ1931 ማምረት ጀመሩ፤ ዋጋቸውም ከካርቴሉ ዋጋ ያነሰ ስለ ነበር ታላላቆቹ ኩባንያዎች በዚያ ገበያ ዋጋቸውን ለመቀነስ ተገደዱ። ሐሜትን በፋብሪካ መመለስ ከሁሉ የተሻለ መልስ መሆኑ በዚህ ታየ። እስከ 1955 እንዲጸና ታስቦ የነበረውን ስምምነት ግን የመጨረሻ ምት የመታው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር፤ አባላቱ በጠላትነት በተሰለፉ አገሮች ውስጥ ሆነው አብረው ሊሠሩ አልቻሉም።

ከጦርነቱ በኋላ ምርመራ ተከተለ። በ1949 በአሜሪካ የኒው ጀርሲ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጄኔራል ኤሌክትሪክ በአምፑል ንግድ ረገድ የጸረ ሞኖፖል ሕግን መጣሱን ወሰነ። በ1951 ደግሞ የብሪታንያ የሞኖፖል ጉዳይ ኮሚሽን የአምፑል አቅርቦትን መርምሮ ሰፊ ዘገባ አወጣ። ኮሚሽኑ በዋጋና በገበያ ክፍፍል ላይ ጠንካራ ትችት አቀረበ። ስለ አምፑሉ ዕድሜ ግን የሰጠው አስተያየት ብዙ ሰው ከጠበቀው የተለየ ነበር፤ ለሸማቹ ሁሉ የሚስማማ አንድ ትክክለኛ ዕድሜ እንደሌለ፣ የሚወሰነውም ሰዓት እርስ በርሳቸው በሚጋጩ ፍላጎቶች መካከል የሚደረግ ማስታረቂያ እንደሆነ ገለጸ።

ለዚህ አስተያየት ምክንያት የሆነው ራሱ የአምፑሉ ባሕርይ ነው። የተንግስተን ክር ብርሃን የሚሰጠው እጅግ ስለሚግል ነው፤ ይበልጥ በጋለ ቁጥር ከአንድ ዋት የሚገኘው ብርሃን ይጨምራል፣ ነገር ግን ክሩ ፈጥኖ ይተናል። ዕድሜና ብርሃን እንደ ሚዛን ሁለት ሰሐኖች ናቸው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። ቮልቴጁ በ5 በመቶ ቢቀነስ የአምፑሉ ዕድሜ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ ብርሃኑ ግን በ16 በመቶ ገደማ ሲቀንስ የሚወስደው ኃይል የሚቀንሰው በ8 በመቶ ብቻ ነው።

ይህ በሸማቹ ኪስ ሲመነዘር እንዲህ ይሆናል። ባለ 60 ዋት አምፑል በ1000 ሰዓት ውስጥ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ዕድሜው እጥፍ በሆነ አምፑል ያንኑ ያህል ብርሃን ለማግኘት በየ1000 ሰዓቱ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል። እንግዲህ በ2000 ሰዓት ውስጥ ሸማቹ የአንድ አምፑል ዋጋ ያድናል፣ የ12 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ደግሞ ይከፍላል። ኤሌክትሪክ ውድ፣ አምፑል ርካሽ በሆነበት አገር አጭሩ ዕድሜ ያዋጣል፤ ኤሌክትሪክ ርካሽ፣ አምፑል ውድ በሆነበት አገር ደግሞ ረጅሙ ዕድሜ ይመረጣል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለብዙ ዓመታት ዝቅተኛ ሆኖ በቆየባት በኢትዮጵያ ስሌቱ እንደ ለንደን ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው።

የረጅም ዕድሜ ምስክር ሆኖ ዘወትር የሚጠቀሰው በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በሊቨርሞር ከተማ የእሳት አደጋ ጣቢያ የሚገኘው የሼልቢ ኩባንያ አምፑል ነው። ከ1901 ጀምሮ እየበራ ከመቶ ዓመት በላይ መቆየቱ ብዙ ሰው «ዱሮ እንዲህ ይሠራ ነበር» እንዲል አድርጎታል። ዳሩ ግን አምፑሉ ዛሬ የሚወስደው ኃይል 4 ዋት ያህል ብቻ ሲሆን፣ የሚሰጠውም ብርሃን ለንባብ የማይበቃ ደብዛዛ ጭላንጭል ነው። የቆየበት ምሥጢር የከሰል ክሩ እጅግ በዝቅተኛ ሙቀት መሥራቱና ያለማቋረጥ መብራቱ ነው። ሳይሠራ የሚያድር ሠራተኛ አይደክምም።

ሸማቹ ኩባንያውን ሲያማ የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። ለ220 ቮልት የተሠራ አምፑል 231 ቮልት በሚደርስ መስመር ላይ ቢሰቀል ዕድሜው ወደ ግማሽ ይጠጋል። እንዲህ ያለው ልዩነት በአዲስ አበባ ቤቶች እንግዳ አይደለም። አምፑሉ በተቃጠለ ጊዜ ግን ስሙ የሚነሣው የመስመሩ ሳይሆን በአምፑሉ ላይ የታተመው የፋብሪካው ስም ነው።

ታዲያ ፌቡስ ንጹሕ ነበር ማለት ነውን? አይደለም። የ1000 ሰዓት ውሳኔ በቴክኒክ ረገድ ሊደገፍ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ጥፋቱ የተወሰነበት አኳኋን ላይ ነበር። አንደኛ፣ ዕድሜን ከብርሃን ጋር የማመዛዘን ምርጫ በመሠረቱ የሸማቹ ነበር፤ ካርቴሉ ግን ምርጫውን ከገበያ አወጣው። ሁለተኛ፣ ስሌቱ ከአገር አገር እንደሚለያይ እየታወቀ ለሁሉም አንድ ልክ ተሰጠ። ሦስተኛ፣ ዕድሜው ሲያጥር የሚሸጠው አምፑል ቁጥር እንደሚጨምር ወሳኞቹ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አራተኛና ዋነኛው፣ ይህ ሁሉ በተዘጋ በር ውስጥ ተፈጸመ። የፋብሪካው መሐንዲስ በቤተ ሙከራው ውስጥ እውነተኛ ቁጥር ይለካ ነበር፤ ቁጥሩን ማየት የሚገባው ሰው ግን ከውጭ ቀረ።

መድኃኒቱም ከዚሁ ተገኘ። በ1970 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የአምፑል ማሸጊያ ብርሃኑን በሉመን፣ የሚፈጀውን ኃይል በዋት፣ ዕድሜውን ደግሞ በሰዓት እንዲያሳይ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ሦስት ቁጥሮች በአንድ ካርቶን ላይ ሲታተሙ ሐሜት ለሒሳብ ቦታውን ይለቃል፤ ገዢው ብርሃን ወይም ዕድሜ የቱን እንደሚመርጥ ራሱ ይወስናል።

ይህ ትምህርት ሁልጊዜ ሲታወስ አልኖረም። በ2017 የአፕል ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጁ የእጅ ስልኮችን ፍጥነት በሶፍትዌር መቀነሱን አመነ። የቴክኒክ ምክንያቱ እውነተኛ ነበር፤ ያረጀ የሊቲየም ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚጨምር፣ ስልኩ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ወርዶ ስልኩ ይጠፋል። ነገር ግን ባለቤቶቹ ስለ ነገሩ በግልጽ ስላልተነገራቸው፣ ባትሪ በመለወጥ ብቻ ሊድን የሚችለውን ስልክ እንደ ሞተ ቆጥረው አዲስ የገዙ አሉ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2020ም በፈረንሳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ መቀጫ ከፈለ። የተቀጣውም ፍጥነትን በመቀነሱ ሳይሆን ለሸማቹ ባለማሳወቁ ነበር። ለዓመታት «አዲሱ ሲወጣ አሮጌውን ያዘገዩታል» ሲል የኖረው ተራ ሰው፣ ምክንያቱን ባያውቅም ምልክቱን አልሳተም ነበር።

ባለ ክሩ አምፑል ራሱ በአውሮፓ ኅብረት ከ2009 እስከ 2012 በተወሰደ እርምጃ ደረጃ በደረጃ ከገበያ ወጥቶ ቦታውን ለኤል ኢ ዲ ለቅቋል። የአሮጌው ጥያቄ ግን አብሮ አልወጣም። ኤል ኢ ዲም ብዙ ኤሌክትሪክ ሲጫንበት ይግላል፣ ሲግልም ዕድሜውና ውጤታማነቱ ይቀንሳል፤ ጥቂት ኤል ኢ ዲዎችን አብዝቶ መጫን አምፑሉን ያረክሰዋል፣ ያሳጥረዋልም። በ2016 የዱባይ ማዘጋጃ ቤት ከፊሊፕስ ጋር ተስማምቶ ያሠራው «የዱባይ አምፑል» የዚህ ተቃራኒ ነው። ተጨማሪ ኤል ኢ ዲዎች ተደርገውለት እያንዳንዳቸው በዝቅተኛ ጭነት ስለሚሠሩ ከአንድ ዋት 200 ሉመን ያህል ይሰጣል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። በተንግስተን ዘመን ዕድሜን መግዛት የሚቻለው በብርሃን ነበር፤ በኤል ኢ ዲ ዘመን ግን ዕድሜና ቁጠባ አብረው የሚገኙ ሲሆኑ ዋጋቸው በመጀመሪያው ግዢ ላይ የሚጨመር ገንዘብ ብቻ ነው። ከዘጠና ዓመት በፊት በጄኔቫ የዕድሜ ገደብ ከፈረሙት አንዱ የነበረው ኩባንያ፣ ጠንቅቆ የሚያውቅ ገዢ ሲጠይቀው ዘላቂውን አምፑል ለመሥራት አልተሳነውም።

እንግዲህ «እንዲበላሽ ተብሎ የተሠራ ነው» የሚለው ሐሜት ሲሰማ፣ ባለሙያው በሳቅ ሊያልፈውም ሆነ ሳይመረምር ሊቀበለው አይገባም። ሸማቹ መለኪያ መሣሪያ የለውም፤ በእጁ ያለው ጥርጣሬው ብቻ ነው። መለኪያው በእጁ ያለው መሐንዲስ ቁጥሩን ሲደብቅ ጥርጣሬው እውነት ይሆናል፤ ቁጥሩን ሲገልጥ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ዕውቀት ይለወጣል። የአንድ ዕቃ ዕድሜ የሚወሰነው በንድፍ ጠረጴዛ ላይ እስከሆነ ድረስ፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ለማይታየው ገዢ ጭምር አደራ አለበት።